የባሕር ኤሊ ባለውለታ፦ የፕሮፌሰር አርቺ ካር ሕይወትና ሥራ

ኤሊ ሲነሣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ለሚኖር ሰው ወዲያው የሚታየው ዝግ ብሎ የሚራመደው፣ ሲነኩት ራሱን ወደ ቅርፊቱ የሚሰበስበው የየብስ እንስሳ ነው። የዚሁ ፍጡር ዘመድ የሆነው የባሕር ኤሊ ግን እግሮቹ እንደ መቅዘፊያ የተዘረጉ፣ ራሱን በቅርፊቱ ውስጥ መሸሸግ የማይችል፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየዋኘ ከአገር አገር የሚሻገር ታላቅ መንገደኛ ነው። በዓለም ላይ የሚታወቁት የባሕር ኤሊ ዝርያዎች 7 ብቻ ሲሆኑ፣ ከቀይ ባሕር ደሴቶች ጀምሮ እስከ ካሪቢያንና ፓስፊክ ድረስ በሞቃት ባሕሮች ሁሉ ይገኛሉ። ወገናቸው በምድር ላይ ከታየ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ሁሉ ዘመን፣ ዳይኖሰሮችን ያጠፋውን መቅሠፍት እንኳ ሳይቀር፣ አሳልፎ የመጣው ፍጡር በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ በሰው እጅ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ጥፋቱ ከመፈጸሙ በፊት ነገሩን አጥንተው ለዓለም ካሳወቁት ሰዎች መካከል በመጀመሪያው ረድፍ የሚጠቀሱት አሜሪካዊው የእንስሳት ሊቅ ፕሮፌሰር አርቺ ካር ናቸው። እሳቸው ሥራቸውን ሲጀምሩ ስለ ባሕር ኤሊ ኑሮ በሳይንስ የተረጋገጠው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በስንት ዓመቱ ለመራባት እንደሚደርስ፣ እንቁላሉን ጥሎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ አልነበረም። ያልታወቀን ነገር ደግሞ መጠበቅ አይቻልም። የካር ሕይወት ይህን የዕውቀት ጉድለት ለመሙላት የተደረገ የረዥም ዘመን ድካም ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

አርቺ ፌርሊ ካር በጁን 16 ቀን 1909 በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሲሆኑ አደንና ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ የፒያኖ መምህርት ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ቴክሳስ፣ ከዚያም ወደ ጆርጂያና በመጨረሻ ወደ ፍሎሪዳ በመዛወሩ ልጁ በየደረሰበት ሜዳና ኩሬ እባብና ኤሊ ሲለቅም አደገ። በወጣትነታቸው በክንዳቸው ላይ ጽኑ የአጥንት ሕመም ስለደረሰባቸው ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ታክመዋል፤ ሆኖም ይህ ጉዳት ከረግረግና ከባሕር ዳር ጉዞ አላገዳቸውም።

የከፍተኛ ትምህርታቸውን የጀመሩት በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነበር። ኋላ ግን ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፊታቸውን ወደ እንስሳት ጥናት አዞሩ። በ1932 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1934 የማስተርስ ዲግሪያቸውን፣ በ1937 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ። የዶክትሬት ጥናታቸው በፍሎሪዳ ገበሎ አስተኔና እንቁራሪት አስተኔ እንስሳት ላይ ያተኮረ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ሙያ ዶክትሬት ሲሰጥ ካር የመጀመሪያው ተመራቂ ናቸው። ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚያው ተቋም አስተማሩ። ለሥነ ጽሑፍ የነበራቸው ፍቅር ግን አልጠፋም፤ ይህም ለባሕር ኤሊ የኋላ ኋላ ምን ያህል እንደ በጀ ወደፊት ይታያል።

ዲግሪያቸውን በተቀበሉበት በ1937 ማርጆሪ ሃሪስን አገቡ። ማርጆሪም በሙያቸው የእንስሳት ተመራማሪ ሲሆኑ አምስት ልጆች ከማሳደጋቸው ሌላ በፍሎሪዳ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ታሪክ የራሳቸውን ስም ያስጻፉ ሴት ናቸው። የፍሎሪዳን ልሳነ ምድር ከዳር እስከ ዳር ሊሰነጥቅ የታቀደውንና የኦክላዋሃን ወንዝ ሊያጠፋ ይችል የነበረውን የመርከብ ቦይ በመቃወም በመሪነት ተከራክረው፣ ሥራው በ1971 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ትእዛዝ እንዲቆም አድርገዋል። ስለሆነም የካር ቤት የአንድ ሰው ሳይሆን የሁለት ሊቃውንት የሥራ ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1945 እስከ 1949 ካር በሆንዱራስ ሳሞራኖ በሚባል ሥፍራ በሚገኘው የፓን አሜሪካ የእርሻ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በእነዚህ ዓመታት የስፓኝ ቋንቋን ከማወቃቸውም በላይ ከመካከለኛው አሜሪካ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ጋር ተቀምጦ መጫወትን፣ ዕውቀትንም ከእነሱ መቅሰምን ለመዱ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1952 ያሳተሙት የሰሜን አሜሪካ ኤሊዎች መጽሐፍ በሊቃውንት ዘንድ ከፍ ያለ ግምት አሰጥቷቸው የዳንኤል ጂሮ ኤሊየት ሜዳሊያን አስገኘላቸው። ነገር ግን ደራሲው መጽሐፉን ሲያዘጋጁ አንድ ነገር ተገንዝበዋል፤ ይኸውም ስለ የብስና ስለ ወንዝ ኤሊዎች ብዙ የሚጻፍ ሲኖር፣ ስለ ባሕር ኤሊዎች ግን የሚገኘው አብዛኛው የመርከበኞች ወሬ መሆኑን ነው።

ጥቁሩ የባሕር ዳር

ወሬውን ከእውነቱ ለመለየት ካር የካሪቢያንን ደሴቶችና ጠረፎች በየመንደሩ እየዞሩ አጥማጆችን፣ ነጋዴዎችንና ሽማግሌዎችን ጠየቁ። ያገኙት መልስ በየቦታው ተመሳሳይ ነበር፤ ኤሊው ድሮ ብዙ ነበር፣ አሁን ግን የለም የሚል።

የቀድሞው ብዛት በእርግጥ ለማመን የሚያስቸግር ነበር። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1503 ዛሬ ካይማን በሚባሉት ደሴቶች አጠገብ ሲያልፍ ባሕሩ በኤሊ ተሞልቶ ስላየ ደሴቶቹን በኤሊ ስም ሰይሟቸዋል። ከዚያ በኋላ በመጡት መቶ ዓመታት አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ለአውሮፓ መርከቦች እንደ ስንቅ ሆነ። አንድ ጊዜ በጀርባው ከገለበጡት መንቀሳቀስ ስለማይችል፣ በመርከብ ላይም ያለ ምግብ ለሳምንታት በሕይወት ስለሚቆይ፣ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ትኩስ ሥጋ ማለት ኤሊ ነበር። በቤርሙዳ ደሴት ኤሊ እየተመናመነ መሆኑን ያዩት ሰዎች ትንንሾቹን መግደል የሚከለክል ሕግ በ1620 አውጥተው ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ አላዳነውም፤ በቤርሙዳ ዳርቻ እንቁላል የሚጥለው ወገን ፈጽሞ ጠፋ። በካይማንም የሆነው ይኸው ነው።

ካር ፍለጋቸውን ቀጥለው ቶርቱጌሮ ወደሚባል የኮስታ ሪካ የካሪቢያን ጠረፍ ደረሱ። ቶርቱጌሮ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ አሸዋው ጥቁር የሆነ፣ ከጀርባው ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከፊቱ የሚናወጥ ባሕር ያለው ዳርቻ ነው። በምዕራብ ካሪቢያን አረንጓዴው ኤሊ ገና በብዛት እየወጣ እንቁላል የሚጥልበት የቀረው ዋና ሥፍራ ይህ መሆኑን ተረዱ። ይሁን እንጂ እዚያም ጥፋቱ በሥርዓት የተደራጀ ነበር። ዳርቻው ለአዳኞች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ሰው ሌሊት ሌሊት ድርሻውን እየጠበቀ ከባሕር የወጣችውን ሴት ኤሊ ሁሉ በጀርባዋ ይገለብጥ ነበር። የተገለበጡትም በጀልባ ተጭነው ለገበያ ይሄዳሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ካሊፒ ለሚባለው የሆድ ቅርፊት ለስላሳ ክፍል ሲባል የሚደረገው ግድያ ነበር። ይህ ክፍል በአውሮፓና በአሜሪካ ታላላቅ ሆቴሎች ለሚቀርበው የኤሊ ሾርባ ስለሚፈለግና ደርቆ በቀላሉ ስለሚጓጓዝ፣ ከ100 ኪሎ ግራም የሚበልጥ እንስሳ ታርዶ ጥቂት ኪሎ ግራም ብቻ ተወስዶ ሥጋው በዳርቻው ላይ ይበሰብስ ነበር።

ካር ይህንን በ1956 ባሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ጻፉት። መጽሐፉ የሳይንስ ሪፖርት ብቻ ሳይሆን የአገሩን ሰው፣ ጨዋታውንና ኑሮውን ጭምር የሚያሳይ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ነበር፤ ስለ ጥቁሩ ዳርቻ የሚናገረው ምዕራፍም በአጭር ልብወለድ መድረክ የታወቀውን የኦ ሄንሪ ሽልማት አግኝቷል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መጽሐፉ ስለ ተፈጥሮ ለሚጻፉ መጻሕፍት የሚሰጠውን የጆን ቦሮውስ ሜዳሊያ ተቀበለ። ከአንባቢዎቹ አንዱ የሆኑት ጆሹዋ ፓወርስ ልባቸው ተነክቶ መጽሐፉን ለወዳጆቻቸው አደሉና በአረንጓዴው ኤሊ ስም አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ይህም ማኅበር በ1959 የካሪቢያን የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ሆነ፤ ካርም የሳይንስ መሪው ሆነው እስከ ዕረፍታቸው አገለገሉ። ድርጅቱ ከ2010 ጀምሮ የባሕር ኤሊ ጥበቃ ድርጅት በሚል ስም ይጠራል።

የከብት ጆሮ ምልክት

በቶርቱጌሮ የኤሊዎቹን ጉዞ ለማወቅ የተጀመረው ሥራ እጅግ ቀላል በሆነ መሣሪያ የተመሠረተ ነበር። በ1955 ካርና ረዳቶቻቸው በመጀመሪያ መለያ ሰሌዳውን በኤሊዋ የጀርባ ቅርፊት ጠርዝ ላይ በሽቦ ቢያስሩትም ወንዶቹ በሚጠቋት ጊዜ እየተላቀቀ አስቸገረ። ከዚያ በኋላ ከብት አርቢዎች በላምና በበሬ ጆሮ ላይ የሚያደርጉትን የብረት ምልክት ወስደው በፊተኛው መቅዘፊያ እግሯ ላይ መቱት፤ ይህም ተስማማ። በምልክቱ ላይ ቁጥርና አድራሻ፣ መልሶ ለሚልክም ሰው 5 ዶላር እንደሚከፈል በስፓኝና በእንግሊዝኛ ቋንቋዎች ተጽፎበት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከብዙ አገሮች ጠረፍ ምልክቶቹ በፖስታ ይመጡ ጀመር። አብዛኛዎቹ የመጡት ከኒካራጓ ነበር። በዚያ ጠረፍ ላይ ሚስኪቶ በሚባለው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ባሕር ውስጥ የባሕር ሣር በብዛት ስለሚበቅል፣ ቶርቱጌሮ እንቁላል የጣሉት ኤሊዎች የሚግጡት እዚያ መሆኑ ታወቀ። ሴቷ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ወደዚያው ዳርቻ እየተመለሰች፣ በአንድ የመራቢያ ወቅት ብዙ ጊዜ ወጥታ፣ በየጊዜው 100 ያህል እንቁላል እንደምትቀብርም ተረጋገጠ።

በዚህ ዕውቀት ውስጥ ግን አንድ መሪር ነገር አለ። ምልክቱን የሚልከው ሰው ኤሊውን ያረደው ሰው ነው። ወደ ፍሎሪዳ የሚደርሰው እያንዳንዱ ፖስታ የአንዲት ኤሊ የጉዞ ታሪክም፣ የሞቷም መርዶ ነበር። ካር ከዚህ የተረዱት ቁም ነገር ለጥበቃ ሥራ ሁሉ መሠረት ሆነ፤ ይኸውም አንድ አገር ዳርቻውን ቢጠብቅ ጎረቤቱ በግጦሹ ላይ ከጨረሰው ድካሙ ከንቱ መሆኑ ነው። የባሕር ኤሊ ፓስፖርት የለውም፤ ስለዚህ ሊድን የሚችለው በመንግሥታት ስምምነት ብቻ ነው።

በሌላ በኩል በኒካራጓ ጠረፍ የሚኖሩት የሚስኪቶ ሕዝቦች ኤሊን ከጥንት ጀምሮ ሲበሉ የኖሩ ናቸው። ጉዳቱ የበረታው ገዢ ኩባንያዎች መጥተው ለውጭ ገበያ ሥጋና ካሊፒ መሰብሰብ በጀመሩ ጊዜ ነበር። ካር ለቤተሰቡ ጉርስ የሚያድነውን ድሃና ለሩቅ አገር ምግብ ቤት የሚያስገድለውን ነጋዴ በአንድ ዓይን አላዩም። የጠረፉን ሰው የሚከሱ ሳይሆኑ የሚያውቁትና የሚያከብሩት ሰው ስለነበሩ፣ ከቀድሞዎቹ የቶርቱጌሮ አዳኞችና ከልጆቻቸው መካከል ብዙዎች ኋላ ኤሊ ቆጣሪዎችና ጠባቂዎች ሆነዋል። የኮስታ ሪካ መንግሥት ቶርቱጌሮን በ1970 በዐዋጅ፣ በ1975 ደግሞ በሕግ ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ከለለው። በኒካራጓም ለውጭ ገበያ የሚያርዱት ፋብሪካዎች በ1970ዎቹ ተዘጉ።

የሪድሊው እንቆቅልሽ

ካር ለ20 ዓመት ያህል የተከታተሉት ሌላ ጥያቄ ደግሞ ኬምፕ ሪድሊ ስለሚባለው ትንሽ የባሕር ኤሊ ነበር። ይህ ኤሊ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና በአሜሪካ የምሥራቅ ጠረፍ ይታያል፤ እንቁላል ሲጥል ግን ማንም ተመራማሪ አይቶት አያውቅም ነበር። አጥማጆች ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀለ ዲቃላ ነው ይሉ ነበር። ካር ይህን አልተቀበሉም፤ ቢሆንም የመራቢያ ሥፍራውን በየጠረፉ ቢፈልጉ አጡት።

መልሱ በ1961 ባልተጠበቀ መንገድ መጣ። አንድሬስ ኤሬራ የተባሉ ሜክሲኮአዊ በ1947 በታማውሊፓስ ግዛት ራንቾ ኑዌቮ በሚባል ዳርቻ ያነሡትን አጭር ፊልም ሄንሪ ሂልደብራንድ የተባሉ የሥነ ሕይወት ሊቅ በአንድ የሳይንስ ጉባኤ ላይ አሳዩ። በፊልሙ ላይ ሪድሊዎች በጠራራ ፀሐይ እየተጋፉ ወጥተው አሸዋውን ሸፍነውት ይታያል፤ የዚያን ቀን የወጡት ሴቶች 40,000 እንደሚደርሱ ተገምቷል። ካር የፈለጉት ሥፍራ ተገኘ፤ ነገር ግን ፊልሙ ከታየ በኋላ ተመራማሪዎች ወደ ዳርቻው ሲደርሱ ያ ሁሉ ሠራዊት የለም። እንቁላሉ በአህያና በመኪና እየተጫነ ወደ ገበያ ሲወርድ፣ ትላልቆቹ ደግሞ ለሽሪምፕ በሚጎተቱ መረቦች ውስጥ እየሰጠሙ ሲያልቁ ቆይተው ነበር። ሜክሲኮ ከ1966 ጀምሮ ዳርቻውን በወታደር ብታስጠብቅም መመናመኑ ቀጥሎ በ1985 የተቆጠረው የእንቁላል ጎጆ 702 ብቻ ሆነ። አንድ ዝርያ ገና ቤቱ ከመታወቁ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

ያልሰመሩ ሐሳቦች

የካር ሥራ ሁሉ የተሳካ አልነበረም፤ ለባለሙያ ከስኬታቸው ይልቅ ይህኛው ሊጠቅም ይችላል። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች እየታገዙ ከቶርቱጌሮ እንቁላልና የተፈለፈሉ ትንንሽ ኤሊዎችን ኤሊ ወደጠፋባቸው የካሪቢያን ዳርቻዎች አከፋፈሉ። ዓላማው አዳዲስ መራቢያዎችን መመሥረት ነበር። በሐሳቡ ታላቅነት ብዙዎች ቢደነቁም በዚህ ዘዴ አዲስ መራቢያ ለመመሥረቱ ማረጋገጫ አልተገኘም። ሆኖም ዘመቻው የአገሮቹን ባለሥልጣኖችና ሕዝብ ስለ ኤሊ እንዲያስቡ ስላደረገ ጨርሶ ባክኖ ቀረ አይባልም።

እንዲሁም ካር በመጀመሪያ ኤሊን እንደ ከብት በበረት ማርባት የዱሩን ኤሊ ከእርድ ያድነዋል ብለው አምነው ነበር። በ1968 በካይማን ደሴት እንዲህ ያለ ድርጅት ተቋቋመ። ጊዜ ሲያልፍ ግን የእርባታው ምርት የኤሊ ሥጋና ቅርፊት ገበያን እንደሚያሰፋው፣ ገበያው ሲሰፋም የዱሩን የሚያርደው ሌባ ከሕጋዊው ነጋዴ ጋር እንደሚቀላቀል ስለተረዱ አቋማቸውን ለውጠው ተቃወሙት። ቀድሞ የጻፉትን በአደባባይ መተው ለአንድ ታዋቂ ሊቅ ቀላል አይደለም፤ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻቸውም በዚህ ተለይተዋቸዋል።

ሦስተኛው የአሴንሽን ደሴት ጉዳይ ነው። ከብራዚል ጠረፍ የሚነሡ አረንጓዴ ኤሊዎች ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝተው በአትላንቲክ መካከል ያለችውን ይህችን ትንሽ ደሴት እንዴት እንደሚያገኟት ካር ብዙ ደክመዋል። በ1974 ከአንድ የሥነ ምድር ሊቅ ጋር ሆነው፣ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ቀስ በቀስ ሲራራቁ የኤሊዎቹም መንገድ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አብሮ ረዘመ የሚል መላ ምት አቀረቡ። ውብ ሐሳብ ነበር፤ ግን ከሞታቸው በኋላ በ1989 የወጣ የዘር ጥናት የአሴንሽን ኤሊዎች ከሌሎቹ የተለዩት በቅርብ ዘመን መሆኑን አሳይቶ ውድቅ አደረገው። በአንጻሩ ሴት ኤሊ ወደ ተወለደችበት አካባቢ ትመለሳለች የሚለው እምነታቸው በ1990 በተደረገ የዘር ጥናት ተደግፏል፤ ኤሊዎች የምድርን መግነጢስ እየተከተሉ እንደሚጓዙም ከዚያ ወዲህ ተረጋግጧል።

የጠፉት ዓመታትና አዲሱ አደጋ

ትንንሾቹ ኤሊዎች ከጎጆአቸው ወጥተው ወደ ባሕር ከገቡ በኋላ ለዓመታት የሚያያቸው የለም። ካር ይህን ጊዜ የጠፋው ዘመን ብለው ሰይመው ምሥጢሩን እስከ መጨረሻው ዕድሜአቸው ፈለጉ። በ1986ና በ1987 ባወጧቸው ጥናቶች ትንንሾቹ የባሕር ጅረቶች በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ሳርጋሶ በሚባለው ተንሳፋፊ የባሕር አረም ውስጥ ተሸሽገው እንደሚያድጉ አስረዱ።

ምሥጢሩ ሲገለጥ ግን ሌላ ሥጋት አብሮ ተገለጠ። አረሙን በአንድ መስመር የሚሰበስበው ጅረት ከመርከብና ከከተማ የሚጣለውን ፕላስቲክና የሬንጅ ጓል ጭምር እዚያው ይሰበስባል። የሕፃኑ ኤሊ መደበቂያ የሰው ልጅ ቆሻሻ መጣያ ሆኗል ማለት ነው። ፕላስቲክ የዓለም ሁሉ መነጋገሪያ ከመሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት ካር በመጨረሻው ዓመታቸው ይህን ማስጠንቀቂያ አሳትመው ነበር።

በእርሳቸው ዘመን ማብቂያ ላይ አደጋዎቹ በዚህ አያበቁም ነበር። በባሕር ዳር የሚሠሩ ሆቴሎችና ቤቶች መብራት የተፈለፈሉትን ያሳስታል፤ ወደሚያበራው አድማስ መሄድ ተፈጥሮአቸው ስለሆነ ወደ ባሕር በመሄድ ፈንታ ወደ መንገድ ወጥተው ያልቃሉ። ማዕበልን ለመከላከል የሚሠራ ግንብ የመራቢያውን አሸዋ ያሳጣል። ቅርፊቱ ለማበጠሪያና ለጌጥ የሚፈለገው ኤሊ፣ ጃፓን በ1992 መጨረሻ ንግዱን እስክታቆም ድረስ፣ በብዙ አገሮች ሲታደን ኖሯል። ከሁሉ የበለጠው ግን የሽሪምፕ መረብ ነበር። ኤሊ በሳንባው የሚተነፍስ ስለሆነ በሚጎተት መረብ ውስጥ ረዥም ጊዜ ከቆየ ይሰጥማል። የአሜሪካ የሳይንስ ምሁራን ጉባኤ በ1990 ባወጣው ሪፖርት ይህ መረብ በአሜሪካ ባሕር ብቻ በዓመት እስከ 55,000 ኤሊ ሊገድል እንደሚችል ገምቶ፣ የሰው ልጅ በባሕር ውስጥ ከሚያደርስባቸው ሌሎች ጉዳቶች ሁሉ ተደምረው እንደሚበልጥ አስታውቋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በመረቡ ውስጥ የሚገጠም የብረት ፍርግርግ ሽሪምፑን ያሳልፋል፣ ኤሊውን ግን በተዘጋጀለት ቀዳዳ ያስወጣዋል። ይህን መሣሪያ የሚያስገድደው የአሜሪካ ደንብ አጥማጆችን አስቆጥቶ ብዙ ካከራከረ በኋላ በጁን 1987 ወጣ።

ዕረፍትና ውርስ

ካር ደንቡን አላዩም። ከአንድ ወር አስቀድሞ በሜይ 21 ቀን 1987 ማይካኖፒ በምትባል የፍሎሪዳ መንደር አጠገብ በሚገኘው ቤታቸው በ77 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሥነ ምህዳር ማኅበር ለታላላቅ ሊቃውንት የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር ሰጥቷቸዋል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ውስጥ የባሕር ኤሊ ባለሙያዎችን ቡድን በሊቀ መንበርነት መርተዋል፤ በ1973 የተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት የባሕር ኤሊን ንግድ ሲገድብ የእርሳቸው ጥናት አንዱ መሠረት ነበር። በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ 33 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዳርቻ በ1991 በስማቸው የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኗል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሐውልታቸው ግን በዳርቻው ላይ የሚቆጠረው ጎጆ ነው። በቶርቱጌሮ ከ1971 እስከ 2003 የጎጆው ብዛት ከ4 እጥፍ በላይ ጨምሮ በዓመት ወደ 100,000 ደረሰ። በፍሎሪዳ በ1980ዎቹ ከጥቂት ሺህ ያልበለጠው የአረንጓዴው ኤሊ ጎጆ በ2023 ከ70,000 በላይ ሆነ። ኬምፕ ሪድሊም ከመቃብር አፋፍ ተመልሶ በሺህ የሚቆጠር ጎጆ ይሠራል። በኦክቶበር 2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአረንጓዴው ኤሊ ብዛት ከ1970ዎቹ ወዲህ 28 በመቶ ያህል መጨመሩን ገልጾ፣ እንስሳውን ለጥፋት ከተጋለጡት መዝገብ ብዙም ወደማያሠጋው ደረጃ አሻግሮታል።

ይህ ማለት ሥራው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። ሪድሊውና ቅርፊቱ ለጌጥ የሚፈለገው ዝርያ ዛሬም በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። በቶርቱጌሮ ራሱ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ቁጥሩ ተመልሶ እየቀነሰ መሆኑ ተመዝግቧል። የአሸዋው ሙቀት የጫጩቱን ፆታ ስለሚወስን፣ ሙቀቱ ሲጨምር የሚፈለፈሉት በአብዛኛው ሴቶች ይሆናሉ፤ የዓለም አየር እየሞቀ ሲሄድ ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ማሰብ ግድ ነው።

ከካር ሕይወት ለተመራማሪና ለተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ የሚተርፈው ትምህርት በሰውየውና በእንስሳው ዕድሜ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ያረፈ ነው። አረንጓዴው ኤሊ ለመራባት ከ20 ዓመት በላይ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የተጠበቀ እንቁላል ፍሬውን የሚያሳየው ጠባቂው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ዛሬ የተፈጸመ ጥፋትም የሚታወቀው አጥፊው ከሞተ በኋላ ሊሆን ይችላል። በ1955 በጥቁሩ ዳርቻ የተጀመረው ቆጠራ ሳይቋረጥ ለትውልድ ባይተላለፍ ኖሮ ኤሊው መመለሱንም ሆነ እንደገና መቀነሱን የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ካር ያተረፉት ጎጆ ለሌላ የሚያወርስ መዝገብ ጭምር ነው፤ ቆጠራውም በየዓመቱ ክረምት በዚያው ጥቁር አሸዋ ላይ ዛሬም ይካሄዳል።